ወደቡ ጸጥ ያለበት ጠዋት

ኑ፣ ወደ ምድጃው ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ጭጋጉ እስኪገለጥ የትም አትሄዱም፤ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል ብለዋል በሬዲዮ። ዳልሱ ሳህኑ ላይ አለ፣ እያኘካችሁ ስሙኝ። የባሕር ቅጠል ስለሆነ ጨው ይበዛበታል የምትል ካለች ውሃም አለ። ስለ ወደቡ ንገሪን ብላችሁኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ወደቡ ብቻውን ማውራት አልችልበትም። የማውቀው ወደብ ባሌ ሲረል የሠራበትን ስለሆነ፣ ስለ እሱ ስጀምር ሲረል መግባቱ አይቀርም።

አያቴ መርከብ ሠሪ ነበር፤ ያውም ከእንጨት። በእሱ ጊዜ እዚህ ከተማችን ሴንት ጆን የተሠራ መርከብ የማይንሳፈፍበት ባሕር የለም ይባል ነበር። ከዚያ የብረቱ መርከብ መጣና የእንጨቱ ቀረ። ከተማዋም ተቃጠለች። ከሰዉ ብዙው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቦስተን ሄደ። የቀረነውን ያቆየን በረዶ ነው። ሞንትሪያል የተሠራችበት ትልቁ ወንዝ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይጋገራል። የእኛ ባሕር አይጋገርም፤ በቀን ሁለቴ ቤት የሚያህል ከፍታ እየሞላ፣ እየጎደለ፣ መቼ ዕረፍት አግኝቶ ይጋገራል። ስለዚህ የአገሩ ስንዴ፣ ዱቄት፣ ፖም፣ ከብት ሁሉ በባቡር ተጭኖ ወደ እኛ ይመጣና እዚህ ማዶ፣ ሳንድ ፖይንት ላይ፣ መርከብ ይገባል። ሌላው ሰው በብርድ ሥራ ሲፈታ እኛ የምንጀምር ሰዎች ነበርን። በበጋ እየተበደርን እንበላለን፣ በበረዶ እንጠግባለን። ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ተመስገን ትላለች። ሌላ አገር ሰው በረዶን እንደሚረግም ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው።

ሲረል ሙላሊ የዊንች ሰው ነበር። ዊንቹ መርከቡ ላይ ነው ያለው፤ በገመድ መረብ የታሰረውን ጭነት ከወደቡ ያነሣና ወደ መርከቡ ሆድ ያወርዳል። ታች ሆዱ ውስጥ ስምንት ሰው አለ፤ የወረደውን ተቀብሎ የሚደረድር። ዊንች የያዘው ሰው እነሱን አያያቸውም። የሚያየው አንድ እጅ ብቻ ነው። ወደ ሆዱ በሚያስገባው ጉድጓድ አፍ ላይ ምልክት ሰጪ ይቆማል፣ ወደ ታች እያየ በእጁ ያዘዋል። መዳፉ ወደ ላይ ከሆነ አንሣ፣ ወደ ታች ከሆነ አውርድ፣ ከተጨበጠ ቁም። ንፋሱና የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር አፍ ዋጋ የለውም። የስምንት ሰው ራስ በአንዲት እጅ ላይ ነው።

ምልክት ሰጪው የእኔ ታናሽ ወንድም አምብሮዝ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ሲረል ጭነት ሲያሳርፍ ድመት ግልገሏን እንደምታስቀምጥ ነው፣ ኮሽ አይልም። የቅጽል ስሙም ድመቱ ነበር። ከዱቄት ማዳበሪያ በታች እንቁላል ቢያደርጉበት አይሰብርም ይሉት ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ በእውነት አድርገውበት አልሰበረም ይባላል፣ እኔ አላየሁም።

እንዴት ልይ? ሴት መርከብ እየተጫነ ወደ ወደቡ አትወርድም። ይሄ በሰፈራችን የታወቀ ነው። ምሳ እንኳን በር ላይ ላለው ዘበኛ ሰጥተን ነው የምንመለሰው። ሴት ከበሩ አልፋ ከገባች የሞት ዜና ይዛ ነው፣ ሌላ ምክንያት የላትም። እሷ ስትታይ ሁሉም ሥራ ያቆማል፣ ጆንያ የሚስብበትን ሜንጦ መሬት ያደርጋል፣ እና ማንን እንደምታይ ይጠብቃል። እኔ በዕድሜዬ ሁለት ሴቶች ሲገቡ ሰምቻለሁ። አንዷ ልጇ ሰጥሞባት ነው፣ አንዷ ቤቷ ከነሰዉ ነዶ።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በጓንት ነው። አምብሮዝ አንድ ቅዳሜ መጣ፤ ባቄላው ገና ምድጃ ውስጥ ነው።

"እህት ዓለም፣ ጓንት ሥሪልኝ።"

"ባለፈው ዓመት የሠራሁልህስ?"

"እሱ ግራጫ ነው። ቀይ ሥሪልኝ።"

"ቀይ? እንደ ካርዲናሉ ልትሆን ነው?"

"ለውበት ነዋ። ሰው ሲያረጅ ቀለም ያስፈልገዋል።"

ሠራሁለት። በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጣና ሰፋ አድርገሽ ሌላ ሥሪ አለኝ፣ ከላዩ ላይ የሚጠለቅ። ስለካው የድብ መዳፍ የሚያህል ነገር ነው የፈለገው። "ይሄ ለሰው እጅ ነው ወይስ ለአካፋ?" አልኩት። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ቤቴን ማየት ጀመርኩ። ሲረል ጋዜጣ ማንበብ ትቷል፤ ምን አዲስ ነገር አለ ይላል። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ጽዋው ውስጥ ያደርጋል፣ ሙቀቱ ሲነካው ያቆማል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው መጀመሪያ ድምፁን ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው ስም የሚጠራው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለመብራት እንጨት ኮፍያውን አነሣለት። እኔም ብርድ ነው ብዬ ክንዴን አስያዝኩት።

ሲረልንና አምብሮዝን ወጥ ቤት አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩ።

"ምኑ?" አለ ሲረል።

"አምብሮዝ፣ አንተ ንገረኝ። ይሄ ሰው እጅህን ያያል?"

አምብሮዝ ቡናውን ያማስላል፣ ስኳር የለበትም። "የእኔን ያያል" አለ።

"የአንተን ማለት?"

"ቀይ ሲሆን ያያል። እኔ ደግሞ ከፍ አድርጌ ነው የማሳየው፣ ከሰማዩ ጋር። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል ኖራ። ሳላዝዘው ያውቀዋል።"

"ታች ያሉትስ ያውቃሉ?"

አምብሮዝ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ሐኪም ዘንድ እንሂድ" አልኩ።

ሲረል ያኔ ነው የተናገረው፤ ቀስ ብሎ። "የዓይን ሞራ ነው ይለኛል ሐኪሙ። አውቀዋለሁ፣ አባቴም ነበረበት። ይቆርጡታል፣ ከዚያ ሳምንታት ራሴን በአሸዋ ከረጢት መሐል አድርገው ያስተኙኛል። በዚህ ወራት? ቦታዬ ላይ ማን ይጠብቀኛል? ስትመለስ ና የሚለኝ ማን ነው? ሞንትሪያሎች በረዶ ሰባሪ መርከብ አምጥተው ወንዙን በብርዱም መክፈት ጀምረዋል። ዘንድሮ ስንት ቡድን ሥራ ፈቶ ጥግ ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ? አንድ ሰው ከዊንቹ ላይ ከወረደ ከንግዲህ የሚወጣበት የለም።"

"በበጋ ታደርገዋለህ።"

"በበጋ አደርገዋለሁ። እስከ ሚያዝያ ብቻ ታገሺኝ።"

ታገስኩ ልበላችሁ? ትዕግሥት አልነበረም እሱ። ቤታችን ከኮረብታው ላይ ነው፣ ንፋስ ከምሥራቅ ሲመጣ የዊንቾቹ ድምፅ ወጥ ቤት ይገባል። ድንች እየላጥኩ እሰማለሁ። ዊንች ሲያነሣ ይጮኻል፣ ሲያወርድ ያጉረመርማል፣ ሲቆም ትንፋሽ ያወጣል። አንዱ ሲቆም እጄ ይቆማል። ተመልሶ እስኪጀምር ቢላዋዬ አይነቃነቅም። የታችኛዎቹ ሰዎች ሚስቶች ገበያ ላይ ሲያገኙኝ "ኖራ፣ ከስተሻል" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ፊታቸውን ማየት አልችልም። የጄሮም ዱሴት ሚስት አራስ ነበረች። ጄሮም ሆዱ ውስጥ ከሚሠሩት አንዱ ነው፣ ረዥም፣ ቀልደኛ፣ ሁልጊዜ መሐል ላይ የሚቆም። ልጁን አቅፌላት ስመለስ ሰው እንዳያየኝ በጓሮው መንገድ ዞሬ ገባሁ።

ለካቦው መንገር አስቤ አውቃለሁ። ካቦው ፊንባር ሌሂ ክፉ ሰው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለቴ ወደ እሱ ሄጃለሁ። ሁለቴም "ወይዘሮ ሙላሊ፣ ደህና ነዎት?" ሲለኝ "ደህና ነኝ፣ ብርዱ እንጂ" ብዬ ተመልሻለሁ። ባሌን ከቡድኑ አስወጥቼ ከዚያ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሳልናገር ቀርቼ ደግሞ ያቺን አራስ በምን አያታለሁ? በዚህ መሐል የካቲት አለቀ።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ፣ ሲረል ከሄደ በኋላ የቁርስ ሳህን እያጠብኩ የአምብሮዝ ሚስት ዊኒፍሬድ መጣች። ነጠላ ሹራብ ብቻ ነው የለበሰችው።

"ኖራ፣ የሰናፍጭ ዱቄት አለሽ? ደረቱ ላይ ላድርግለት።"

"ለማን?"

"ለወንድምሽ ነዋ። በትኩሳት ነድዷል። ተነሥቶ ሊሄድ ነበር፣ በር ላይ ወደቀብኝ። አስተኛሁት።"

"አልወረደም? ዛሬ አልወረደም?"

"በምን እግሩ ይወርዳል? ምን ሆነሻል፣ ተቀመጪ እስቲ።"

"ማን ቆመለት?"

"እኔ ምን አውቄ። ጊልበርት ይሆናል፣ ሌላ ጊዜም እሱ ነው።"

ጊልበርትን አውቀዋለሁ። አጭር ነው፣ ግራጫ ኮት፣ ግራጫ ጓንት። ያ ቀን ደግሞ ሰማዩም ግራጫ ነበር።

ሲረል ራሱ ከዊንቹ ይወርዳል አልኩ በልቤ። አምብሮዝ እንደሌለ ሲያውቅ ታመምኩ ብሎ ይወርዳል። መስኮቱን ከፈትኩና አዳመጥኩ። ንፋሱ ከምሥራቅ ነው። እያንዳንዱ ዊንች የየራሱ ድምፅ አለው፤ የሱን ካልጋዬ ሆኜ እለየዋለሁ። እየሠራ ነው። ሲያሳርፍ እንደዚያ ቀስ አድርጎ።

ሰናፍጩን ለዊኒፍሬድ ሰጠኋትና ኮቴን ለበስኩ።

ቁልቁለቱ በረዶ ነው፣ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት በመስኮት አየችኝ። ወደ ወደቡ በር መታጠፌን ስታይ በእጇ የያዘችውን ጥላ ወጣች።

"ኖራ፣ ማን ነው?"

"ማንም አይደለም እትዬ።"

"ማንም አይደለም ትይኛለሽ በዚህ ፊትሽ?" ብላ አማተበች።

ዘበኛው ገና ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ። ምሳ ይዤ እንዳልመጣሁ እጄን አይቶ አወቀ። ምንም አልጠየቀኝም። በሩን ከፈተልኝ፣ እኔም ገባሁ።

መጋዘኑ ረዥም ነው፤ ዱቄትና ፖም ይሸታል። መጀመሪያ ያየኝ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው ነው። ቆመ። ከኋላው ያለው ጋሪ ሊገጨው ሲል እሱም ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዝምታው ከፊቴ ፊቴ እየቀደመ ሄደ፣ ውሃ ወለል ላይ ሲፈስ እንደሚሄደው። ሜንጦዎቹ አንድ በአንድ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። ማንም አይናገርም። እያንዳንዱ ዓይኔን ይፈልጋል፤ ዓይኔ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ይገረጣል፣ ሳልፈው ይተነፍሳል። ያን ያህል ኃይለኛ ሰዎች፣ በሬ የሚያህል ጆንያ የሚሸከሙ፣ እንደ ሕፃን ሆነው አዩኝ። ወይ ጉድ፣ ምን እያደረግሁባቸው ነው አልኩ። ግን መመለስ አልቻልኩም። አንዴ ከገባሁ ገብቻለሁ።

በወዲያኛው በር ወደ ወደቡ ወጣሁ። ባሕሩ አጋማሽ ሞልቶ የመርከቡ ወለልና የቆምኩበት ቦታ እኩል ሆነዋል፤ ሁሉም ነገር ከፊቴ ነው፣ በቅርብ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ዊንች ቆመ። የሁለተኛውም ቆመ። ፊንባር ሌሂ ከመወጣጫው ጫፍ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ጊልበርትን አየሁት። የአፉ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ወደ እኔ ዞሯል፣ እጆቹ ሁለቱም ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። እናቱ ታማ ነበርና እሱን የፈለግሁት መስሎታል።

የሲረል ዊንች አልቆመም።

በዚያ ሁሉ ጸጥታ አንድ ሞተር ብቻ ያጉረመርማል። ጭነቱ፣ አንድ ሙሉ መረብ ዱቄት፣ ከጠርዙ አልፎ ወደ ጉድጓዱ እየገባ ነው። ሲረል አንገቱን ወደ ጊልበርት ዘርግቶ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ እጁ መዘውሩ ላይ ነው። የጊልበርት የተንጠለጠለ እጅ ለእሱ ምን መስሎት እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። እኔ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለኝም። በሕልም እንደሚሆነው ነው። የወደቡ ሰው ሁሉ እኔን ማየቱን ትቶ አንድ በአንድ ወደዚያ ዊንች ዞረ። ገመዱ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል።

ከዚያ ሲረል ራሱን ዘንበል አደረገ፤ እንደሚያዳምጥ ሰው። የሌሎቹ ዊንቾች ድምፅ የለም። የጋሪዎቹ የለም። እጁን ከመዘውሩ ላይ አነሣ፣ ጭነቱም ቆመ።

ከጉድጓዱ ውስጥ የጄሮም ድምፅ መጣ። "እናንተ የላዮቹ፣ ምን ሆናችሁ? ባርኔጣዬን ነካው እኮ ይሄ ነገር። በዱቄት ልታጠምቁኝ ነው ወይስ ልትጋግሩኝ?"

"ጊልበርት" አለ ሲረል፣ ጮክ ብሎ። "ለምንድን ነው ጸጥ ያለው? ማን መጣ?"

ከፊቱ ቆሜአለሁ እኮ። በመሐላችን ከዚህ ከምድጃው እስከዚያ አጥር የሚሆን ቢሆን ነው። የለበስኩት ደግሞ እንደ ዕለቱ ሰማይ ግራጫ አልነበረም፤ ሰማያዊ ኮት ነው፣ እሱ ራሱ ነው የገዛልኝ።

ፊንባር ሌሂ እኔን አየ። ከዚያ ሲረልን አየ። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው አየሁ፤ ሌሎቹም ላይ እንደዚያው፣ እየተቀባበሉት።

"ሲረል" አለ ፊንባር፣ ቀስ ብሎ፣ "እጅህን እንደዚያው ከመዘውሩ አርቀህ ቆይ።"

"ማን መጣ ነው የምለው።"

"ሚስትህ ናት።"

ሲረል ፊቱ ወረቀት ሆነ። "ማን ሞተ?"

ያኔ ድምፄ መጣልኝ። "ማንም አልሞተም ሲረል። ውረድ።"

ሌላ ሰው ወጥቶ መዘውሩን ያዘ፣ ጭነቱን መልሶ አነሣው። ሲረል በመወጣጫው ላይ እግሩን እየፈለገ ሲወርድ ማንም ሊይዘው አልደፈረም። እኔ ሄጄ ክንዱን ያዝኩ። ፊንባር ኮፍያውን አላደረገም ነበር፤ ሰው የሞተ ይመስል እንደያዘው ቀረ።

ዳገቱን ተያይዘን ወጣን።

"ልታዋርጂኝ መጣሽ" አለ።

"አዎ ብልህ ደስ ይልሃል?"

"ጊልበርትን አየው ነበር።"

"ጓንቱ ምን ቀለም ነበር?"

ጥቂት ሄድን። "ጥላ አይ ነበር" አለ። "የሚንቀሳቀስ ጥላ። ጠዋት አምብሮዝ የለም ሲሉኝ ልወርድ ነበር፣ እግሬን አንሥቼም ነበር። ከዚያ ፊንባር ና እንጂ ድመቱ፣ ሰዓቱ ሄደ አለ። ድመቱ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።" ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። "ጄሮም ነበር አይደል ከሥሩ? ድምፁን ሰማሁ። ባርኔጣዬን ነካው አለ አይደል?"

"ብሏል።"

ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እስኪመሽ ያቺን ነገር ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ባርኔጣውን ነው ያለው ወይስ ራሱን?

በማግሥቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ጄሮም ዱሴት ነው። በሩን ሞልቶታል። እኔ እንጀራችንን ሊወስድብን የመጣ ይመስል በሩን ይዤ ቆምኩ።

"ግባ አትይኝም፣ እትዬ ኖራ?"

"ግባ።"

ሲረል ድምፁን ሲሰማ ተነሣ።

"ተቀይመሃል" አለ ሲረል።

"አልተቀየምኩም ልልህ ነበር የመጣሁት" አለ ጄሮም። "መንገድ ላይ ሳስበው ግን ተቀይሜአለሁ። ብትነግረን ኖሮ ምን ነበረበት? እኛ ስምንት ነን፣ አንዳችን ደረጃው ላይ ወጥተን ቆመን እንጮህልህ ነበር። ከፊንባርም እንደብቅህ ነበር። አንተ ግን ከእኛም ደበቅህ።" ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። "ታውቃለህ፣ አንተ ዊንች ላይ ስትሆን እኔ ወደ ላይ አይቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ሲሆን ዓይኔ ከላይ አይነቀልም። አንተ ስትሆን ግን ጀርባዬን ሰጥቼህ ነው የምሠራው። ትናንት ያ ነገር ራሴን ሲነካኝ እንኳ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።"

ሲረል አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጄሮም ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ዳልስ አንሥቶ ማኘክ ጀመረ። "ሚስቴ ልጁን ሰኞ እናስጠምቃለን፣ ኑ ብላለች" አለ። "ውሃ ነው እንግዲህ፣ ዱቄት አይደለም።" ወጥቶ ሄደ።

ሄድን። ያቺ አራስ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለብዙ ጊዜ ሰላምታዋ አጭር ነበር። እውነት አላት፣ አልፈረድኩባትም።

ፊንባር ለኩባንያው አልተናገረም፣ ዊንቹን ግን አልመለሰለትም። መጋዘኑ ውስጥ የተቀደደ ጆንያ የሚሰፋበት ጥግ ሰጠው። በጣቱ እየዳሰሰ ይሰፋል። አምብሮዝ ከበሽታው ተነሥቶ ሲመለስ ከሌላ የዊንች ሰው ጋር አቆሙት፤ ቤታችን እየመጣ ያ ሰው ጭነት ሲጥል ድንች እንደሚያራግፍ ነው እያለ ያማርር ነበር፣ ሲረልን ለማስደሰት። ሲረል አይስቅም። ዘወትር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ታች ማን ነበር ዛሬ?"

በሰኔ የዓይኑን ሞራ ቆረጡለት። በአሸዋ ከረጢት መሐል እንዳለውም ተኛ፤ እጁን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በሐምሌ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርገውለት ወጣ። ፊቴን አየና "አርጅተሻል" አለኝ፤ "አንተም መነጽር አድርገሃል" አልኩት። በበጋ ወደቡ ባዶ ስለሆነ ምንም አላስተዋለም። መኸሩ አልፎ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ግን መስኮቱን ጠርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ እንሂድ አለኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ወደቡ ሁሉ ከሚታይበት ቦታ ቆምን።

በዚያ ወቅት ድሮ መርከብ ከመርከብ ጎን ተጣብቆ ነበር የሚቆመው፣ ተራ የሚጠብቀውም ከውጭ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ጥሎ ይታያል። ያን ቀን ሁለት መርከብ ነበር። አንዱ ደግሞ ስኳር ይዞ ለስኳር ፋብሪካው የመጣ ነው፣ የእኛ አይደለም። የእህሉ ማከማቻ ማማዎች አቧራ አያወጡም። የባቡሩ ሐዲድ ላይ በረዶ ተኝቷል፣ የመንኮራኩርም የእግርም ምልክት የለበትም።

ሲረል መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ብዙ ቆመ። እኔ ብርድ መታኝ፣ ግን አላስቸኮልኩትም።

"ሰዎቹ ሲያወሩ እሰማ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ሞንትሪያል ወሰደችብን ሲሉ። አምና ቀና ብዬ ወደቡን ሳየው ባዶ ባዶ ይመስለኝ ነበር። እኔ የማላያቸው መርከቦች አሉ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ዓይኔ መስሎኝ ነበር፣ ኖራ።"

ክንዱን ያዝኩት።

"ለዚች ነው እንግዲህ" አለ፣ "ለዚች ሁለት መርከብ ነው የጄሮምን ራስ ልጨፈልቅ የነበረው።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቡድኖቹ እየፈረሱ ሄዱ፣ አምብሮዝ ወረቀት ፋብሪካ ገባ፣ ጄሮም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቶሮንቶ ሄደ፣ ኮንቴይነሩም መጣና የቀረውን በአንድ ክሬን ያነሣው ጀመር። ሲረል ጆንያውን ሲሰፋ ቆይቶ ጆንያ የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። በሕመም አይደለም የሞተው፣ በዕድሜ ነው፤ ተመስገን።

ጭጋጉ ሳሳ መሰለኝ፣ የማዶው መብራት ይታያል። ስትሄዱ በሳንድ ፖይንት በኩል ታልፋላችሁ። አሁን ሣር የበቀለበት ባዶ ሜዳ ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም። እንዲያው ብቻ ስታልፉ፣ ከሥር ሆነው ወደ ላይ ሳያዩ ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች አንድ አፍታ አስቡልኝ። እባካችሁ ልጆቼ፣ እነሱን አትርሱብኝ።